የጋያው ጢስና የብልቃጡ ሕዋስ



በየካ ሚካኤል አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣውን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ዐለት የጥንቱን ሰው የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚያቆይ እዚያ ይታያል። ዛሬ የምናወሳው ግን ሌላ ዋሻ ነው፤ ይኸውም ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር የሚገኘው የላሊበላ ዋሻ ነው። በስም ይመሳሰላል እንጂ ከላስታው ላሊበላ ጋራ አንድ አይደለም።

በዚህ ዋሻ በተደረገ ቁፋሮ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኙ። ዕድሜያቸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1320 ግድም፣ 80 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሆኖ ተገመተ። ከዚህ በታች ያሉትም ዘመኖች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ትምባሆ ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ ሳይመጣ በጋያ ምን ይጤስ ነበር? ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባሉ ሊቅ በጋያዎቹ ውስጥ የቀረውን ዝቃጭ መርምረው፣ ሐሺሽ የሚወጣበት የካናቢስ ተክል ርዝራዥ ማግኘታቸውን በ1975 ገለጡ።

ጢሱ እንግዳ ካልሆነ በአእምሮ ላይ የሚሠራው እንዴት ነው? «ያደነዝዛል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በየትኛው በር እንደሚገባ ሳይታወቅ ግን ጉዳቱን ከመድኃኒትነቱ መለየት ያዳግታል።

በ1964 ራፋኤል መሹላምና የሔኤል ጋኦኒ በእስራኤል አገር ዋናውን አስካሪ ቅመም፣ ቴትራሃይድሮካናቢኖልን፣ ለይተው አወጡ። ቅመሙ ቅባትነት ስላለው ብዙዎች የሕዋሳትን ሽፋን በደፈናው የሚያውክ መሰላቸው። አሊን ሃውሌት ግን ከአይጥ የነርቭ ዕጢ ተወስዶ በብልቃጥ በሚባዛ የሕዋስ ዘር ላይ ሞክረው፣ ቅመሙ በሕዋሱ ውስጥ አንድን የተወሰነ ሥራ እንደሚቀንስ በ1984 አስታወቁ። በ1988ም ከዊልያም ዴቫንና ከሌሎች ጋራ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቅመሙን የሚቀበል ልዩ ስፍራ መኖሩን አረጋገጡ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1990 ነው። ሃምስተር ከአይጥ ጋራ የሚዛመድ ትንሽ እንስሳ ነው። ቴዎዶር ፐክ በ1957 ከአንዲት የቻይና ሃምስተር የእንቁላል ማፍሪያ የወሰዱት ሕዋስ በአሜሪካ ላቦራቶሪ እየተባዛ ዘሩ ሳይቋረጥ ቆይቶ ነበር። ይህ ሕዋስ ለካናቢስ ቅመም ደንታ የለውም፤ ለፈተናው የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሊሳ ማትሱዳና ባልደረቦቻቸው ከአይጥ አንጎል የተገኘውን የተቀባዩን ጂን አስገቡበት፤ ደንቆሮ የነበረው ሕዋስ ለቅመሙ መልስ ሰጠ። ጂኑ ያልገባባቸው እንደ ቀድሞው ዝም አሉ። ምስክርነት እንዲህ ሲሆን ያስደስታል!

በ1993ም ሁለተኛው ተቀባይ በደም ነቀርሳ ከታመመ ሰው በተወሰደ የሕዋስ ዘር ውስጥ ተገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ እነ መሹላም ከአሳማ አንጎል አናንዳማይድ የሚባል ቅመም አውጥተው ነበር፤ ይህም አካል ራሱ ለዚያው በር የሚያዘጋጀው ቁልፍ ነው።