የሐሞት ጠጠር በባሱንዳ፦ ለጓደኛው የሚያስታምም ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የሚሻገር ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ ድንገት ቢታመም፣ አጠገቡ የሚገኘው እናቱ ወይም ወንድሙ አይደለም። አብሮት የሚያጭደውና በአንድ ዳስ የሚያድረው ጓደኛው ነው። ከኢትዮጵያ ጋር በምትዋሰነው የባሱንዳ አካባቢ ከወቅታዊ ሠራተኞች ሌላ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከጎንደር አካባቢ የተሰደዱ የቅማንት ተወላጆችም ተጠልለዋል። ለእነዚህ ሰዎች “ሐሞትህ ሊወጣ ይችላል” የሚለው የሐኪም ቃል በባዕድ አገርና በባዕድ ቋንቋ የሚመጣ መርዶ ነው። ጓደኛ በዚያች ሰዓት አስታማሚም፣ አስተርጓሚም፣ ገንዘብ አሰባሳቢም ይሆናል።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር የምትገኝ ትንሽ ከረጢት ናት። ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት ታጠራቅምና ቅባት ያለበት ምግብ ሲበላ ወደ አንጀት ትለቃለች። ሐሞቱ ረግቶ ጠጠር ሲሠራ፣ አብዛኛው ሰው ጠጠሩን ተሸክሞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው ጠጠሩ መውጫውን ሲዘጋ ነው። ሴቶች፣ በተለይም የወለዱ፣ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በፍጥነት ክብደት የቀነሱና ማጭድ መሰል የቀይ የደም ሴል ሕመም ያለባቸው ሰዎችም እንዲሁ።

ሕመሙ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ወይም ከእምብርት በላይ ይጀምራል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻም ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ፣ በሌሊትም ይነሣል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶም ይለቃል። ጾም ተፈትቶ ዶሮ ወጥ የተበላ ለት የሚነሣ ሕመም “ጨጓራዬ ነው” ተብሎ ለዓመታት መታለፉ የተለመደ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ ሌላ መሳሳቻ አለ። አካባቢው ወባም ካላ አዛርም ያለበት በመሆኑ፣ ትኩሳት በመጣ ቁጥር ሐሳብ ሁሉ ወደ እነርሱ ይሄዳል።

ጓደኛ ዋና ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ወይም ማስታወኩ አልቆም ካለ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም። የዓይን ብጫነት በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት ያሳስታልና በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍል ማየት ይገባል። ሽንት እንደ ሻይ መጥቆሩና ሰገራ መንጣቱም ጠጠሩ ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ መውረዱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ጠጠር ቆሽትንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

የመንገዱ ነገር ቀላል አይደለም። የገዳሪፍ ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ተሽከርካሪን ውጦ ያስቀራል። የመተማ–ጋላባት መተላለፊያም በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ወደ ገዳሪፍ ገፍቶ ሆስፒታሎቹን አጨናንቋል። ስለዚህ ሕመሙ አንድ ጊዜ መጥቶ የለቀቀው ሰው፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ወደ ገዳሪፍ ከተማ ሄዶ አልትራሳውንድ ቢነሣ ይሻለዋል። ምርመራው ሰውነትን አይበሳም፣ ጠጠሩንም በአብዛኛው ያሳያል።

“ሊሆን ይችላል” የሚለው ቃል ራሱ ያስጨንቃል። ጠጠር ተገኘ ማለት ግን ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና አለ ማለት አይደለም። ሕመም የማያስከትል ጠጠር ብዙ ጊዜ አይነካም። ሕመሙ ከተደጋገመ ወይም ከረጢቷ ከቆጣች ግን ማውጣት ይመከራል። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥቶ “ጠጠሩ ወጣ” የሚሉ ሰዎች የሚያዩት፣ ዘይቱ አንጀት ውስጥ ተለውጦ የሠራውን ሳሙና መሰል ጓል ነው።

በአማርኛ ሐሞት የድፍረት መኖሪያ ነው፤ ፈሪን “ሐሞተ ቢስ” እንለዋለን። ሐሞትን ማስወጣት ወኔን ማስወጣት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይገርምም። ይሁንና ሐሞትን የሚሠራው ጉበት በቦታው አለ። ከረጢቷ ስትወጣ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል። ለጥቂት ጊዜ ሆድ ሊላላ ይችላል እንጂ፣ ሰው ያለ እርሷ እንደ ወትሮው በልቶ ያድራል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ላንገንቡኽ በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ያደረገው እ.አ.አ. በ1882 ነበር።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። በካሜራ በሚመራውና በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ታካሚው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይወጣል። መሣሪያው በሌለበት ሆድ ይከፈታል፤ ያኔ ሆስፒታል የመቆያው ጊዜ ቀናት፣ ማገገሙም ሳምንታት ይወስዳል። በሰሊጥ ጆንያ ለሚኖር ሠራተኛ ልዩነቱ የአንድ አዝመራ ገቢ ነው። የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ጠጠር በቱቦው ውስጥ መኖር አለመኖሩና የመድኃኒቱ ወጪ በማን ላይ እንደሆነም አብረው የሚጠየቁ ናቸው።

ሱዳኖች አስታማሚን “ሙራፊቅ” ይሉታል፤ የሐሞት ከረጢትን ደግሞ “መራራ”። ዓረብኛ የሚያውቅ አስታማሚ ሐኪሙ ያለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለታካሚው ሊነግረው ይገባል። ለማጽናናት ብሎ ግማሹን መዋጥ ደግነት ይመስላል፤ ሆኖም የሚፈርመው ታካሚው ነው፣ ሳያውቅ መፈረም የለበትም። ከዚህ በፊት የወሰዳቸውን መድኃኒቶች፣ አስፕሪንን ጨምሮ፣ እንዲሁም ስኳርና እርግዝና ካለ ለሐኪሙ መናገርም የአስታማሚው ሥራ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስድስት ሰዓት ምግብ ስለማይበላ፣ “ይበርታ” ብሎ አጥሚት ማቅረብ ቀጠሮውን ሊያሰርዝ ይችላል።

ከወጣ በኋላ ቀስ ብሎ ማራመድ፣ ሲያስል ሆዱ ላይ ትራስ እንዲይዝ ማድረግ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ጆንያ እንዳያነሣ መከልከል ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሚብስ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ብጫነት ከመጣ ወዲያው መመለስ አለበት። የመውጫ ወረቀቱ ደግሞ አይጣል፤ ሰውየው ድንበሩን ተሻግሮ ጎንደር ቢታመም፣ ምን እንደተሠራለትና በቱቦው ውስጥ የቀረ ጠጠር ስለመኖሩ ለሐኪሙ የሚናገረው እርሱ ነው።