ከነጋሪት እስከ ስልክ፦ ራዲዮና እኛ የደጎሎ ሴቶች



ባለፈው ስብሰባችን የወሩን ቁጠባ ቆጥረን መዝገቡን ልዘጋ ስል አንዲት እናት «ልጄ፣ የመሬት ኪራይ ውልን ነገር ትናንት በራዲዮ ሲወያዩበት ነበር። እኔ ከመሃል ነው የደረስኩበት፤ መጨረሻውንም እንግዳ መጣና ሳልሰማው ቀረሁ። ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ አልሰማሁትም ነበር። ሌሎቹንም ብንጠይቅ የሰማ አልተገኘም። መሬቷን ያከራየች መበለት በመካከላችን ብዙ ናት፤ ግን ስለ መሬታችን ሲወራ አንዳችንም አልነበርንም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው።

በልጅነቴ በቤታችን የነበረው ራዲዮ የአባቴ ነበር። እናቴ ጥልፍ ያለው ልብስ ሰፍታለት ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ደግሞ ይደክማል። ዜና ሲደርስ ልጆች ዝም እንባላለን። እናቴ ግን የምትሰማው ከማድ ቤት ሆና፣ በጭሱና በምጣዱ መካከል ነበር። ራዲዮ የወንድ ዕቃ ነበርና ጣቢያ የሚቀይረውም አባቴ ብቻ ነው።

ራዲዮ በአገራችን ሲጀመርም የመንግሥት አፍ ሆኖ ነው የጀመረው። የአቃቂው ጣቢያ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም ነው። ቀድሞ አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር እንደነበረ ሁሉ፣ ራዲዮም የነጋሪቱን ሥራ ወረሰ። ነጋሪት ይነገርበታል እንጂ አይጠየቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ለሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ፣ ገበሬው የሕይወቱን ትልቁን ዜና የሰማው በዚሁ መንገድ ነበር። ያ ደስ የሚል ነጋሪት ነበር። ሆኖም የታወጀለት ሰው «ለሚስቴስ? ለሴት ልጄስ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም።

ነጋሪቱ ዝም ያለበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በ1965 ዓ.ም ወሎ ሲራብ የመንግሥት ራዲዮ ስለ እኛ አልተናገረም። የረሃቡን ፎቶ አዲስ አበባ አድርሰው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ዮናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራውን ፊልም የውጭው ዓለም በ1966 ዓ.ም መጀመሪያ ሲያይ፣ ያገራችን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ንጉሡ ከሥልጣን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። በ1977 ዓ.ም ታሪኩ ተደገመ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ወሎ ይራብ ነበር፤ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሰማው ቢቢሲ ነው። ታላላቆቻችን «የኛን ነገር የምንሰማው ከውጭ ነው» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። የዶቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1975 ዓ.ም ጀምሮ በየቤቱ ማታ ማታ ይደመጡ ነበር።

ክልላችን የራሱን ድምፅ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በኩር ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም፣ የአማራ ራዲዮ በ1989 ዓ.ም ጀመሩ። ዛሬ ሁለቱም አሚኮ በምንለው ተቋም ሥር ናቸው። በኋላም የደሴው ኤፍ ኤም 87.9 ተጨመረ። ክልሉ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ፣ በኽምጣናና በአፋን ኦሮሞም ያሰራጫል። ለኛ ለደጎሎ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳር ከኛ ከዓባይ ማዶ ናት፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ በወረቀት እስኪደርሰን ወራት ያልፋሉ። በራዲዮው ግን ኃላፊው ይቀርባል፣ የሕግ ባለሙያ ያብራራል፣ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ወሎ ሽምግልና፣ ስለ አበጋር፣ ስለ አምባሰልና ባቲ ቅኝት ይወራል። ነጋሪቱ ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታ፣ ወደ ውይይት ተለወጠ።

ሁሉም ተስተካክሏል ለማለት አይደለም። ጣቢያው የመንግሥት ነው፤ አዘጋጁ ለኃላፊው የሚያቀርበው ጥያቄ እኛ ቡና ላይ ከምንጠያየቀው የለዘበ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም የተከፈተ በር ነው፤ እናቴም ገብታበታለች።

አባቴ ሲያርፍ የአባቴ ወገኖች መሬቱን ለመከፋፈል መጡ። እናቴ «ደብተሩ በሁለታችን ስም ነው» አለች። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ እንደሚሰፍር ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ግን ይህ ስም ምን መብት እንደሚሰጣት ያወቀችው፣ ከማድ ቤት ሆና በሰማችው የራዲዮ ውይይት ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ሄዳ «ነገ ነይ» ተባለች፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው «ሕጉን በራዲዮ አንብባችሁልናል፤ እዚህ ስደርስ ተለወጠ ወይ?» አለቻቸው። መሬቱ በእጇ ቀረ። እኔ ዲፕሎማዬን የተማርኩት በዚያ መሬት እህል ነው።

በዚያው ዘመን፣ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ ራዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ተላልፎ ነበር። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያወሳ ነበርና ሴቶች ቡና ላይ እንደ ጎረቤት ታሪክ ያወሩት ነበር። ለአዘጋጆቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋል። ሰው ከተጠየቀ እንደሚመልስ ማስረጃው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞባይሉ መጣና ራዲዮ ተረሳ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን የተጣለው ራዲዮ ከሣጥን ወጣ። እንደገና ስንሰማ አንድ ነገር ታዘብኩ፦ ስልክ ደውለው የሚናገሩት አሁንም በብዛት ወንዶች ናቸው። እኛ ዛሬም ከማድ ቤት ነን።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በገቢና ወጪ አየዋለሁ። ከራዲዮ ብዙ ተቀብለናል፤ የሰጠነው ግን የለም። ጥያቄያችን ካልደረሳቸው ስለ እኛ የሚወያዩት በግምት ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመጠባበቂያው ገንዘብ አንድ የፀሐይ ብርሃን ራዲዮ እንግዛ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቡና እያፈላን አብረን እናዳምጥ፤ ማንበብና መጻፍ የምትችል አንዷ በደብተር ትያዝ፣ ያልሰሙትም በስብሰባው ይነገራቸው። ሦስተኛ፣ ጥያቄያችንን በስልክ የምታቀርብ እህት በየተራ እንምረጥ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ደረሰኙን እኔ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ይሁን ለምትሉኝ፣ የእማማን የመሬት ኪራይ ጥያቄ በደብተሩ አናት ላይ ጽፌዋለሁ። ደዋይዋም እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለኛል።