የባለሙያ ካርድና የተጫዋች ካርድ፦ የአንድ ግምት ታሪክ

ለሙያ ሥራ የተዘጋጀ የግራፊክስ ካርድ ለጨዋታ ከተዘጋጀው በብዙ እጥፍ ተወድዶ ሲሸጥ የሚመለከት ሰው፣ ውዱ ካርድ የጨዋታውንም ሥዕል አጥርቶ ያሳያል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። በዚህ ግምት ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሙያ ግን የማያገኘውን ነገር ይገዛል። ሆኖም ግምቱ እውነት የነበረበት ጊዜ ስለነበረ አመጣጡን መመልከት ተገቢ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጂም ክላርክ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሲሊኮን ግራፊክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው መሠረት ጂኦሜትሪ ኤንጂን የሚባል ቺፕ ሲሆን፣ ተግባሩም የአንድን ቅርጽ ማዕዘኖች ማዞር፣ ማንቀሳቀስና ከስክሪኑ ውጭ የሚቀረውን ቆርጦ መጣል ነበር። ይህ ስሌት ለብቻው በተሠራ ቺፕ ሲከናወን፣ የአውሮፕላንና የመኪና ነዳፊዎች ንድፋቸውን ሲያዞሩት ወዲያው ሲዞርላቸው አዩ። በ1993 ጁራሲክ ፓርክ በተባለው ፊልም የታዩት በኮምፒዩተር የተሣሉ ዳይኖሰሮችም የተሠሩት በዚሁ ኩባንያ መኪናዎች ነው። ዋጋቸው በብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይቆጠር ስለነበር ለቤት የሚታሰቡ አልነበሩም።

በቤት ያለው ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ ጨዋታውን የሚሥለው ያለ ረዳት ነበር። በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጨዋታ በ256 ቀለማት ብቻ ይሣል ነበር፤ ተጫዋቹ ወደ ግድግዳ ሲጠጋም የድንጋዩ ምስል ወደ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይበታተናል። በዚያው ዓመት ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ ኩባንያ ቩዱ የሚባለውን ካርድ 300 ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ከመሥራቾቹ ሦስቱ ቀድሞ በሲሊኮን ግራፊክስ የሠሩ ነበሩ። ካርዱ የአጎራባች ነጥቦችን ቀለም እያማከለ ስለሚሥል፣ በጥር 1997 የወጣው የኩዌክ ቅጅ ሻካራውን ግድግዳ አለሰለሰው። ይህ ቅጅ የተጻፈው ሲሊኮን ግራፊክስ በ1992 ባወጣው በኦፕንጂኤል ነበር፤ የነዳፊዎቹ ቋንቋ በዚህ መንገድ ከጨዋታ ቤት ገባ።

ኤንቪዲያ በ1999 ያወጣው ጂፎርስ 256 የማዕዘኖቹንም ስሌት ወደ ቤት ካርድ አመጣው። ኩባንያው ኳድሮ ብሎ ለባለሙያዎች ያቀረበው ካርድ በዚሁ ቺፕ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ አንዳንድ እጀ ብልሆች በካርዱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ሬዚስተሮችን ቦታ በማዛወር የጨዋታውን ካርድ ኳድሮ አስመስለውታል። በዚህ ጊዜ የንድፍ ፕሮግራሞች መስመር አሣሣል ይፈጥናል። የጨዋታው ሥዕል ግን እንደነበረው ይቀራል፤ አንድ ቺፕ አንድን ትእዛዝ ተቀብሎ ሁለት ዓይነት መልስ አይሰጥምና።

በካርዶች መካከል ዓይን የሚያየው ልዩነት አልነበረም ለማለት ግን አይደለም። ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ተለውጦ በኬብል ወደ ስክሪኑ በሚሄድበት ዘመን፣ የካርዱ መውጫ ዕቃዎች ርካሽ ከሆኑ ፊደሉ ይደበዝዝ ነበር። ማትሮክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ የታወቀው በዚህ ረገድ ባሳየው ጥራት ነው። ቁጥሩ ራሱ በኬብል መጓዝ ሲጀምር ይህ ብልጫ ከንቱ ሆነ። የቀለም ጉዳይም አለ። በ8 ቢት እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው በ10 ቢት 1,024 ይኖረዋል፤ ኤንቪዲያም ይህን ለኦፕንጂኤል ፕሮግራሞች እስከ 2019 ድረስ ለኳድሮ ብቻ ለይቶ አቆይቶት ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን ፎቶግራፍ አራሚዎች እንጂ ተጫዋቾች አልነበሩም።

የጨዋታውን ሥዕል በእርግጥ ያበላሸ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው ካርዱን በሚያዝዘው ፕሮግራም፣ ማለትም በድራይቨሩ ውስጥ ነው። በ2001 የኤቲአይ ራዲዮን 8500 ድራይቨር ኩዌክ 3 የተባለውን ጨዋታ በፋይሉ ስም ለይቶ፣ ለፍጥነት ሲል የምስሎቹን ጥራት ይቀንስ እንደነበር ታወቀ። መርማሪዎች ይህን የገለጡት «ኩዌክ» የሚለውን ስም «ኳክ» ብለው በመለወጥ ብቻ ነው። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ድራይቨር ጥራቱ ተመልሷል።

ባለሙያው የሚከፍልበት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ድራይቨሩ ከንድፍ ፕሮግራሞች ጋር ተፈትኖ መረጋገጡ፣ የማስታወሻው ስፋትና በማስታወሻው ውስጥ የሚደርስን ስሕተት የሚያርም ብልሃት ነው። በጨዋታ አንዲት ነጥብ ለሴኮንድ ስድሳኛ ክፍል ብትሳሳት ማንም አያያትም። በድልድይ ምሰሶ ስሌት ግን የተሳሳተው ቁጥር ሳይታይ ወደሚቀጥለው ስሌት ያልፋል።

ኤንቪዲያ ኳድሮ የሚለውን ስም ከአዳዲስ ካርዶቹ ላይ ባነሣበት በ2020፣ አርቲኤክስ ኤ6000 48 ጊጋባይት ማስታወሻ ይዞ በ4,650 ዶላር ገደማ ወጣ። የጨዋታው አርቲኤክስ 3090 በ24 ጊጋባይት 1,499 ዶላር ነበር። የሁለቱም ቺፕ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ማስታወሻው በሴኮንድ የሚያመላልሰው በርካሹ 936፣ በውዱ 768 ጊጋባይት ነው።