ዕጣ የወጣላቸው ልጆች

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ጎረቤት ስድስተኛ ልጅ ሲጨመር ይባላል፣ አባወራው ከሥራ ሲባረርም ይባላል። አባባሉን ለማማት አልተነሳንም። ግን አንድ ከተማ ውስጥ ቃል በቃል የተፈጸመበት ጊዜ አለ፤ 136 ሕፃናት ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ገሚሶቹ ወደ ቤት፣ ገሚሶቹ ወደነበሩበት አልጋ። ከተማዋ የሮማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ ሰባትና ስምንት እየቀነሰ እንዳይደክም ብለን ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከ1966 ነው። ሥልጣን ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ኒኮላይ ቻውሼስኩ አገር የምታድገው ሕዝብ ሲበዛ ነው ብሎ ቆረጠ። አዋጅ ቁጥር 770 ወጣ። ዕድሜዋ ከ45 በታች የሆነና አራት ልጅ ያልወለደች ሴት፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ፅንስ ማቋረጥ ተከለከለች። የወሊድ መቆጣጠሪያም እንደ ልብ አይገኝም። ልጅ የሌለው ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። በ1966 ወደ 274 ሺህ የነበረው የወሊድ ቁጥር በ1967 ወደ 528 ሺህ አሻቀበ። ሰውየው በቁጥር በኩል ተሳክቶለታል!

ማሳደጉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ ቻውሼስኩ የውጭ ዕዳዬን ልክፈል ብሎ የአገሩን ምግብ ወደ ውጭ መላክ ያዘ፤ ሕዝቡ በብርድና በራብ ተቆራመደ። መንግሥት ደግሞ «ካልቻላችሁ ለእኔ ስጡኝ» ይላል። ወላጆች ሰጡ። በታኅሣሥ 1989 አብዮቱ ፈንድቶ ቻውሼስኩና ሚስቱ ሲረሸኑ፣ በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች ተገኙ። ዓለም «የሙት ልጆች» አላቸው። አብዛኞቹ ግን እናትና አባታቸው በሕይወት ነበሩ።

ወደ ሕፃናቱ ክፍል የገቡ ሰዎችን ያስደነገጣቸው ጩኸት ሳይሆን ዝምታ ነበር። አልጋ በአልጋ የተሞላ ክፍል፣ የሚያለቅስ የለም። ነገሩ ሲያስቡት ይገባል፤ ሕፃን የሚያለቅሰው ሰው ስለሚመጣ ነው። አንድ ሠራተኛ አሥርና ከዚያ በላይ ሕፃን ይዛ በሰዓት ታበላለች፣ በሰዓት ታጥባለች፤ ያለቀሰ ስላለቀሰ አይነሳም። የሕፃን አእምሮ ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ሰው ይመልስለታል፣ ሲስቅ ይሳቅለታል፤ በዚህ ምልልስ ነው የነርቭ ሴሎቹ መስመር የሚዘረጉት። መላሽ ሲጠፋ መስመሩ ይሳሳል። ጭንቀትን የሚቆጣጠረው የሰውነት ሥርዓትም፣ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያወጣው ማለት ነው፣ መጠኑን ሳይማር ይቀራል።

ይህ ያኔ አይታወቅም ነበር እንዳይባል ይታወቅ ነበር። ሬኔ ስፒትዝ የተባለ ሐኪም በ1945 ሁለት ዓይነት ሕፃናትን አነጻጽሮ ጽፏል። አንደኞቹ ንጹሕ በሆነ ማሳደጊያ በሞግዚት የሚያድጉ፣ ሌሎቹ እስር ቤት ውስጥ ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር ያሉ። ደህና ሆነው ያደጉት የእስር ቤቶቹ ናቸው። በ1951 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ነገር የሚል ሪፖርት አቅርቧል። አዋጅ 770 የወጣው ከዚያ 15 ዓመት በኋላ ነው። እኛን የሚያናድደን ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕጣው። በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ገቡ። ከስድስት ማሳደጊያዎች ከ6 እስከ 31 ወር የሆናቸውን 136 ሕፃናት መረጡ። 68ቱ በዕጣ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ወዳደራጇቸው 56 አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ። 68ቱ ባሉበት ቀሩ።

እዚህ ጋ እኛም ለሁለት ተከፍለን ተከራክረናል። አንዳችን «ጉዳቱ ከታወቀ ለምን ዕጣ?» አለች። ሌላዋ ደግሞ «እነሱ ባይመጡ 136ቱም እዚያው ነበሩ» አለች። ተመራማሪዎቹ ያስቀመጡት አንድ ደንብ ነበር፤ ለጥናት ተብሎ ማንም ልጅ ማሳደጊያ ውስጥ እንዲቆይ አይደረግም። ወላጅ ወይም ሌላ ቤተሰብ የመጣለት ይወጣል፤ ብዙዎቹም ኋላ ወጥተዋል። ክርክራችን ግን አላለቀም።

ውጤቱ በ2007 ታተመ። አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው በአይኪው ፈተና ማሳደጊያ የቀሩት በአማካይ 73፣ ቤተሰብ ያገኙት 81፣ ማሳደጊያ ገብተው የማያውቁት የከተማዋ ልጆች 109 አመጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤት የገቡት ከዘገዩት ይሻላሉ። ድባቴና ጭንቀትም ቤት ባገኙት ላይ ቀነሰ። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ግን ቤት ቢገኝም አልተነቃነቀም። በ2012 የወጣው የአእምሮ ምስል ጥናት እንደሚያሳየው፣ ማሳደጊያ የገቡት ሁሉ፣ ቢወጡም ባይወጡም፣ የአእምሯቸው ግራጫ ክፍል ከሌሎቹ ያንስ ነበር።

ወደ እንግሊዝ በጉዲፈቻ የሄዱም አሉ። በ2020 የወጣ ጥናት አዋቂ ሲሆኑ ለካቸው፤ አእምሯቸው እዚያው እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት በ8.6 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ማሳደጊያ የቆዩበት እያንዳንዱ ወር ይቆጠርባቸዋል። ደግነቱ፣ ከስድስት ወር በላይ ከቆዩት አንድ አምስተኛ ያህሉ ምንም ችግር ሳይታይባቸው አድገዋል። ለምን እነሱ? መልሱ ገና ነው።

ሮማኒያ በ2004 ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማሳደጊያ እንዳይገባ የሚል ሕግ አወጣች፤ የቡካሬስቶቹ ልጆች ያን ጊዜ ሁለት ዓመታቸውን አልፈው ነበር። አሁን በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ የእኛ እኩዮች።