የደካማውን ድካም ስለ መሸከም፤ የሮሜ 14ኛ ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ሲታይ

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በ14ኛውና በ15ኛው ምዕራፍ፥ ስለ ሁለት ዓይነት ምእመናን ይናገራል። አንዱ በእምነቱ የጸና ነው፤ የቀረበለትን ቢበላ ኅሊናው አይወቅሰውም። ሁለተኛው ገና ያልጸና ነው፤ ስለ መብልና ስለ ዕለት ይጠራጠራል። የሮሜ ቤተ ክርስቲያን ከአይሁድና ከአሕዛብ የተሰበሰበች ነበረችና በአንድ ማዕድ የተቀመጡት እርስ በርሳቸው ይነቃቀፉ ነበር። ሐዋርያውም የጸናው ደካማውን እንዳይንቅ፥ ደካማውም በጸናው ላይ እንዳይፈርድ ከልክሎ ሲያበቃ፥ ከባዱን ሸክም በጸናው ትከሻ ላይ አኖረው። የሚሸከምበት ጉልበት ያለው እርሱ ነውና።

ደካማ የተባለው ማን ነው? በአንድምታ መንገድ ቢታይ፥ ደካማ ማለት በመብል የሚጠራጠር ነው። አንድም፥ ከሌላ ሃይማኖት አዲስ የገባ ነው። አንድም፥ ወድቆ የተነሣ፥ ቁስሉ ገና ያልጠገገ ነው። ሦስቱም በኢትዮጵያ ታሪክ ታይተዋል፤ ይልቁንም ዛሬ አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችበት በአርሲ ደጋና በዙሪያው ባለው አገር።

አስቀድሞ ስለ ወደቁት ይነገር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከዋቢ ሸበሌ ወዲህ ደዋሮ፥ ከዋቢ ወዲያ ባሊ የሚባሉ የመንግሥቱ አውራጃዎች ነበሩ። ኢማም አሕመድ፥ ማለት ግራኝ፥ በ1521 ዓ.ም በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረገ በኋላ እነዚህ አገሮች ቀድመው በእጁ ገቡ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝቡም ከሰይፍ ፊት ቆመ። ሰማዕት የሆነ አለ፤ የሸሸ አለ፤ ከፍርሃት የተነሣ ሃይማኖቱን የለወጠም እጅግ ብዙ ነው። በ1535 ዓ.ም ግራኝ በወይና ደጋ በወደቀ ጊዜ እነዚህ ሁሉ ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ተመልሰው ምሕረት ለመኑ።

በዚያ ቀን በንጉሡና በቤተ ክርስቲያን ፊት የነበረው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በበረሃና በተራራ ተንከራቶ፥ ልጁን ቀብሮ፥ ሃይማኖቱን የጠበቀው ሰው፥ ትናንት ከጠላት ጋር ሆኖ ቤቱን ካቃጠለበት ሰው ጎን ቆሞ እንዴት ያስቀድስ? ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋር መጥቶ ጦርነቱን ያየው ሚጌል ዴ ካስታኞሶ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡ ብዙዎቹን ይቅር አላቸው፤ ሞት የሚገባውን ሁሉ ቢገድል ኖሮ ብቻውን በቀረ ነበርና። ይህ የመንግሥት ጥበብ ነው ይባል ይሆናል። ምሥጢሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል፤ ከወደቀው ይልቅ የቆመው እንዲታገሥ የተጠየቀበት ምሕረት ነውና።

ቤተ ክርስቲያንም ለተመላሽ የተዘጋጀ መንገድ አላት። ክዶ የተመለሰ ሰው በመጽሐፈ ቄድር ሥርዓት ይቀበሉታል፤ በውኃው ላይ ይጸለያል፥ ሰውየውም በጸሎት ይነጻል። ጥምቀት አንዲት ስለሆነች ሁለተኛ አይጠመቅም። ይህም ለቆሙት ትምህርት ነው። የቀድሞ ልጅነቱ እንዳልጠፋ ሥርዓቱ ከመሰከረለት፥ ጎረቤቱ በየመንገዱ ክህደቱን እያነሣ ሊያሳፍረው አይገባም።

ሁለተኛው ከሌላ ሃይማኖት የገባው ነው። ለዚህ የአባ ዕንባቆም ታሪክ ይበቃል። ዕንባቆም በየመን ከእስላም ወገን ተወልዶ፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በደብረ ሊባኖስ ተጠመቀ፥ መነኰሰም። ያን ጊዜ በቋንቋም በልማድም እንግዳ ነበረ። መነኮሳቱ እንግድነቱን ታግሠው፥ መጽሐፍ አስተማሩት፥ ኋላም በተክለ ሃይማኖት ወንበር ተቀምጦ እጨጌ ሆነ። በመከራው ዘመን፥ በ1532 ዓ.ም፥ ለግራኝ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈ እርሱ ነው። ትናንት የተሸከሙት ሰው ዛሬ ብዙዎችን ተሸከመ።

ሦስተኛው የመብልና የዕለት ነገር ነው። በ1547 ዓ.ም ኢየሱሳውያን ከተባሉ የሮማ ካቶሊክ ካህናት አንዱ፥ ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ፥ ወደ ገላውዴዎስ መጥቶ የኢትዮጵያን ሃይማኖት ነቀፈ። ኢትዮጵያውያን ሰንበትን በማክበራቸው፥ በመገረዛቸውና እርያ ባለመብላቸው የአይሁድን ሕግ ይጠብቃሉ የሚል ክስ ነበረ። ንጉሡም በዚያው ዓመት የሃይማኖቱን መግለጫ ጽፎ መለሰ። ሰንበትን የሚያከብሩት እንደ አይሁድ አለመሆኑን፥ ግዝረትም የአገር ልማድ መሆኑን አስረዳ። ስለ እርያ ሥጋ ግን የሮሜን 14ኛ ምዕራፍ ጠቅሶ፥ የሚበላውን እንደማይጸየፉት፥ የማይበላውንም ብላ ብለው እንደማያስገድዱት ገለጠ። ይህን የጻፈው የእምነት መምህር ብቻ ሳይሆን ጦር ያለው ንጉሥ ነው። ማስገደድ እየቻለ ያላስገደደ ሰው የጳውሎስን ቃል በሥራ ተርጕሞታል።

ከዚህ በኋላ አገሩ ተለወጠ። የአርሲ ኦሮሞ ደጋውን ያዘ፤ የክርስቲያኑም መንግሥት ወደ ሰሜን ራቀ። ከጭላሎና ከአጎራባቾቹ ተራሮች የሚወርደው የካታር ወንዝ በሚገባበት በዝዋይ ሐይቅ ግን፥ በደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ክርስትናውን እንደ ያዘ ቀረ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከቀረችው ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ፥ ከአርሲ ጎረቤቶቹ ጋር በታንኳ እየተሻገረ እየተገበያየ ኖረ። የብራና መጻሕፍቱን ጠበቀ፤ በደብረ ጽዮን፥ ማለት በቱሉ ጉዶ ደሴት፥ እስከ ዛሬ አሉ። ከታላላቅ ገዳማት ወንበር አጠገብ ያደገ ሰው የዛይን እምነት በትምህርት ማነስ ሊመዝነው ይችላል። ነገር ግን በባዕድ መካከል ብቻውን ሦስት መቶ ዓመት የቆመውን ደካማ ማለት የሚደፍር ማን ነው? ስለዚህ መናቅ የተከለከለው ለደካማው በማዘን ብቻ አይደለም፤ የሰው ሚዛን ብርቱውን ደካማ፥ ደካማውን ብርቱ እያለ ስለሚሳሳት ጭምር ነው።

በ1878 ዓ.ም መጨረሻ የንጉሥ ምኒልክ ጦር፥ የዘመቻው አለቃ ራስ ዳርጌ ሆኖ፥ ከዓመታት ውጊያ በኋላ በአዙሌ አርሲን ድል አደረገ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ መሬትም ለዘማች ተከፈለ። ቤተ ክርስቲያን በደጋው ላይ የተተከለችው በዚህ ጊዜ ነው። ሃይማኖቱ ከጦሩ ኋላ ስለ ገባ፥ የአርሲ ሰው ወንጌልን ከመስማቱ በፊት ነፍጥን አየ። ከተጠመቁት መካከል ከልቡ ያመነ አለ፤ ርስቱንና ሹመቱን ለማቆየት የተጠመቀም አለ። አዲሱ ክርስቲያን በሁለት ማዕድ መካከል ቆመ። ወንድሙ እስላም ነው፥ ወይም በአባቶቹ ልማድ ይኖራል፤ ለቅሶውም ሰርጉም ከእርሱ ጋር ነው። ወደ ወንድሙ ቢሄድ ነባሩ ክርስቲያን ይጠረጥረዋል፤ ቢቀር ደግሞ ከዘመዱ ይቈረጣል።

በዚህ ስፍራ የክርስትና አባት ሥራ ይታያል። የክርስትና አባት የሚቆመው ስም ለማውጣት ብቻ አይደለም፤ ልጁ ቢደክም ሊደግፈው፥ ቢሳሳት ለብቻው ጠርቶ ሊመክረው ነው። ባላገሩም በራሱ ጥበብ መንገድ አበጅቷል። በአርሲ እስላሙ ባለ ቤት ድግስ ሲኖረው ለክርስቲያን ዘመዱ ከብት ለይቶ ይሰጣል፥ ክርስቲያኑም በእጁ ባርኮ ያርዳል፤ ክርስቲያኑም ለእስላሙ እንዲሁ ያደርጋል። የማንም ሃይማኖት ሳይነካ ሁሉም በአንድ ዳስ ይቀመጣሉ። ይህን የሚያደርግ ባላገር ምናልባት መልእክተ ጳውሎስን አላነበበም፤ ለወንድሙ ኅሊና መጠንቀቅን ግን ያውቃል።

እንግዲህ በእያንዳንዱ አጥቢያ ብርቱ ነኝ የሚል ሰው ራሱን የሚመረምርበት ይህ ነው። ጾሙን አጥብቆ የሚጾም፥ በሕመም ምክንያት ካህን የፈቀደለትን ወንድሙን ይነቅፋልን? ዳዊት የሚደግም፥ አቡነ ዘበሰማያት የሚሳሳተውን ይስቅበታልን? የቀደሙት ሰዎች ልጅ፥ አያቱ በ1878 ዓ.ም ከተሸነፉት ወገን የሆነውን በሰንበቴው ዝቅ ባለ ስፍራ ያስቀምጠዋልን? እንዲህ ከሆነ ከሁለቱ ድጋፍ የሚያስፈልገው እርሱ ራሱ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ የከዱትን ተቀብሎ አብያተ ክርስቲያናቱን መልሶ የሠራው ከእነርሱም ጋር ነበር፤ ካህናቱም ተመላሹን በጸሎት አነጹ፥ የደብረ ሊባኖስም መነኮሳት እንግዳውን ለእጨጌነት አበቁ። የቤተ ክርስቲያን አንድነት የቆመው እንዲህ ባሉ ትከሻዎች ላይ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።