ሩቁን ተራራ ማን ሰማያዊ ቀባው?

ሰማዩ በጠራ ጠዋት እንጦጦ ላይ ቆመን ወደ ደቡብ ስናማትር ዝቋላ ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። ስሩ ድረስ ብንሄድ ግን አረንጓዴ ነው። ታዲያ ማን ቀባው? በእኛና በእሱ መካከል ያለው አየር ነዋ! አየር ከብርሃን ቀለማት ሰማያዊውን አብዝቶ ይበትናል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይህ የተበተነ ብርሃን እንደ ስስ መጋረጃ ይደረባል። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ነገሩን በሒሳብ ያስረዱት በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። ሠዓሊዎች ግን ቀድመዋቸዋል።

ቻይናዊው ጉዎ ሺ በ1072 በሣለው «የፀደይ መባቻ» ተራሮቹን በጭጋግ ለያይቶ አራርቋቸዋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ደግሞ ገና በ21 ዓመቱ፣ ኦገስት 5 ቀን 1473፣ የአርኖን ሸለቆ በብዕር ነደፈ። ኋላ በማስታወሻዎቹ ዘዴውን አብራራ፦ የራቀው ነገር ይደብዝዝ፣ ጠርዙ ይለስልስ፣ ወደ ሰማያዊ ያድላ። ከሞና ሊዛ ጀርባ ያሉትን ተራሮች ልብ ብላችሁ እዩ።

እኛስ? «የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጥልቀት አያውቁም ነበር» ሲባል እየሰማን፣ እኛም እያልን አድገናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሊዮናርዶ በሕይወት ሳለ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ አገራችን መጥቶ 40 ዓመት ያህል ሲሥል ኖሯል። የፈረንጅ አሣሣል ደጃችን ደርሶ ነበር ማለት ነው። ሠዓሊዎቻችን ከመጣው የወደዱትን ወሰዱ፤ ደማቁን መስመርና ዝርግ መደቡን ግን አልጣሉም።

ለምን? ሥዕሉ የሚሣለው ለጸሎት ነበራ! ምእመኑ ፊት ለፊት የሚያየው ቅዱስ በጭጋግ ውስጥ እንዲደበዝዝ ማን ይፈልጋል? በዚህ አሣሣል ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው የሚለካው ርቀትን ሳይሆን ማንነትን ነው።

በ1957 እ.ኤ.አ. ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም የማወቅ ዕድል አለን። የዝቋላን ሰማያዊነት ለመሣል የሊዮናርዶን ዘዴ እንማር፤ ደግሞም እንማረዋለን። ለዚያ ሲባል ግን በአባቶቻችን ዝርግ ግድግዳ ማፈር የለብንም። ያልሣሉትን ከመቁጠራችን በፊት ለምን እንደሣሉ እንጠይቅ።