የብራንዲ ቻስቴይን ግራ እግር

ሐምሌ 3 ቀን 1991 ዓ.ም. በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከተማ፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ 90,185 ሰው ተቀምጦ ነበር። በአሜሪካ የሴቶች ስፖርት እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ተመልካች አይቶ አያውቅም። አሜሪካና ቻይና በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 120 ደቂቃ ተጫውተው መረብ የነካ ኳስ አልነበረም። በመለያ ምት የመጨረሻዋን ኳስ የመታችው ብራንዲ ቻስቴይን ግቧን ካስቆጠረች በኋላ ማሊያዋን አወለቀች፤ በጥቁር የስፖርት ጡት መያዣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን ጨብጣ ጮኸች። የስፖርትስ ኢለስትሬትዱ ሮበርት ቤክ ያነሳው ፎቶ የመጽሔቱ ሽፋን ሆነ፤ ኒውስዊክም ሽፋኑን ለእሷ ሰጠ።

ቀኑ በመጣ ቁጥር ጋዜጦች ያንኑ ምስል ያወጣሉ፤ ከሥሩም ያንኑ ክርክር። ማሊያው የወለቀው በደስታ ስካር ነው ወይስ በኩባንያ ምክር? ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እግሯ ላውራ፤ ምክንያቱም ብራንዲ የቀኝ እግር ተጫዋች ናት፣ ያችን ኳስ ግን የመታቻት በግራዋ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ሆዜ ነው። ያደገችውም በአጥቂነት ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስትጫወት የሁለቱም ጉልበቶቿ ጅማት ተጎድቶ ረዥም ጊዜ ከሜዳ ራቀች፤ ከዚያ ወደ ሳንታ ክላራ ተዛወረች። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄይቲ በተካሄደው የአህጉሩ ውድድር ከሜክሲኮ ጋር ተቀይራ ገብታ በተከታታይ 5 ግብ አገባች። ውጤቱ 12 ለ 0 ነበር። በአንድ ጨዋታ 5 ግብ ያገባ ሰው ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። በዚያው ዓመት ቻይና ላይ የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሲደረግ የአሜሪካ የፊት መስመር በእነ ሚሼል ኤከርስ ተይዟል። ኤከርስ በዚያ ውድድር ብቻ 10 ግብ አግብታለች። ብራንዲ የዓለም ሻምፒዮን ተባለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያሳለፈችው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጭር ያሉ ናቸው። በ1993 ጃፓን ሄዳ በሽሮኪ ሴሬና ክለብ ተጫወተች። ለ1995ቱ የስዊድን ዓለም ዋንጫ ግን ስሟ ከቡድኑ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ሁለት የተጎዱ ጉልበቶች አሏት፣ ቦታዋም በሌሎች ተይዟል። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አይወቅሳትም።

የመለሳት አሰልጣኝ ቶኒ ዲቺኮ ነው፤ የመለሳት ግን በተከላካይነት ነው። ለአጥቂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜ ልክ ጎል ፊት የለመደ ሰው ወደ ኋላ ሲሳብ ከሹመት የወረደ ይመስለዋል። እሷ ተቀበለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ አሜሪካ ወርቁን ስትወስድ፣ ብራንዲ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው አንድም ደቂቃ ሳትወጣ በተከላካይ መስመር ተጫወተች።

ፍጻሜው ፓሳዴና ላይ የተደረገው የእ.ኤ.አ. 1999 ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከጀርመን ጋር ነበር። ገና በ5ኛው ደቂቃ ኳሱን ለግብ ጠባቂዋ ብሪያና ስከሪ ልትመልስ ስትል ስከሪ ከግቧ ወጥታ ኖሮ፣ ኳሷ አልፋት መረብ ውስጥ ገባች። በራሷ ግብ ላይ፣ ያውም ፕሬዚዳንት ክሊንተን በተቀመጡበት ስታዲየም! አምበሏ ካርላ ኦቨርቤክ ጠጋ ብላ አጽናናቻት፤ ገና ብዙ ጊዜ አለ፣ እንፈልግሻለን ስትል። በእረፍት ጀርመን 2 ለ 1 ትመራ ነበር። በ49ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተሻምቶ ኳሱ የግብ ክልሉ ውስጥ ሲንቀዋለል፣ ያችው የግራ መስመር ተከላካይ ዞር ብላ ወደ ግብ ላከችው፤ 2 ለ 2። በመጨረሻ አሜሪካ 3 ለ 2 አሸነፈች። ለእኔ የዚህችን ተጫዋች ማንነት ከፓሳዴናው ፎቶ ይልቅ ይህ ጨዋታ በደንብ ያሳያል፤ ምን ያደርጋል፣ የጀርመኑን ጨዋታ ማንም በግድግዳው ላይ አልሰቀለውም።

አሁን ወደ ግራ እግሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በፖርቱጋሉ የአልጋርቭ ዋንጫ አሜሪካ ከዚሁ ከቻይና ጋር ተጋጥማ ነበር። ብራንዲ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘችና በቀኝ እግሯ ስትመታው አግዳሚው መለሰው፤ አሜሪካም 2 ለ 1 ተሸነፈች። ከመምታቷ በፊት የቻይናዋ ግብ ጠባቂ ጋኦ ሆንግ ፊት ለፊት እያየቻት ፈገግ ማለቷ እንደረበሻት ብራንዲ ራሷ በኋላ ተናግራለች። ዲቺኮም የቀኝ እግሯ ምት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚታወቅ ሆኗል ብሎ በግራዋ እንድትለማመድ አደረገ።

ሮዝ ቦውል ላይ የመለያ ምት ሲደርስ ኤከርስ በድካም ተዝለፍልፋ ከሜዳ ወጥታለች። ረዳት አሰልጣኟ ሎረን ግሬግ ባዘጋጀችው ዝርዝር ብራንዲ ከመጀመሪያዎቹ አምስት መቺዎች ውስጥ አልነበረችም፤ 6ኛ ነበረች። ወደ 5ኛ ያመጣት ዲቺኮ ነው፤ በግራሽ ምቺ ያላትም እሱ ነው። ቻይናዎች ቀድመው ይመታሉ። ሦስተኛዋን የሊዩ ዪንግን ኳስ ስከሪ አዳነች። ስከሪ ከመስመሯ ቀድማ ወጥታለች የሚለው ክስ ዛሬም ያልበረደ ነው፤ ፊልሙን ላየ ሰው ክሱ መሠረት የለውም ማለት ይከብዳል፤ ስዊዘርላንዳዊቷ ዳኛ ኒኮል ፔቲኛ ግን አልነፋችም። ሌሎቹ ሁሉ አገቡ። 4 ለ 4 ሆኖ ተራው የብራንዲ ሲሆን ጋኦ ሆንግን ቀና ብላ አላየቻትም። ኳሷን አስቀመጠች፣ ተንደረደረች፣ በግራ መታች፤ 5 ለ 4።

የማሊያው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ነው። የተጠራጣሪዎቹ ማስረጃ ቀላል አይደለም። ጡት መያዣው የናይኪ ምርት ነው፤ እሷም ከናይኪ ጋር ውል ነበራት። ከውድድሩ በፊት ለአንድ የወንዶች መጽሔት ራቁቷን፣ በኳስ ብቻ ተከልላ ፎቶ ተነስታለች። የቡድን ጓደኞቿ ያወጡላት ቅጽል ስም ደግሞ «ሆሊውድ» ነው። እንዲህ ያለች ሰው ካሜራ ሲያያት ሳታስበው ልብሷን አወለቀች ቢባል ማን ያምናል፣ ይላሉ። እሷ በበኩሏ ነገሩ የቅጽበት እብደት እንጂ ሌላ አልነበረም ብላለች። ከዚያ ዕለት ወዲህም ቃሏን አልቀየረችም።

ነገሩን በሰዓት ብናየው ይሻላል። አንድ ኩባንያ ይህን ሊያቅድ ቢፈልግ ጨዋታው ያለ ግብ እንዲያልቅ፣ ስከሪ አንድ ኳስ እንድታድን፣ ከሁለቱም ወገን ሌላ የሚስት እንዳይኖርና በዝርዝሩ 6ኛ የነበረችው ተከላካይ በመጨረሻው ደቂቃ 5ኛ እንድትሆን ማድረግ ነበረበት። ናይኪ ብዙ ገንዘብ አለው፤ ይህን ያህል ግን አይችልም። ኩባንያው ከድሉ በኋላ አጋጣሚውን እንደተጠቀመበት ግን ጥርጥር የለውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞስ ወንዶች ግብ ባገቡ ቁጥር ማሊያቸውን ሲያወልቁ ማን ጠየቃቸው? ለዚህ ድርጊት ቢጫ ካርድ ግዴታ የሆነው እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው።

ከፓሳዴና በኋላ ያለው ታሪክ ዝርዝር ይበዛበታል። በ2000 ሲድኒ ላይ የብር ሜዳሊያ፤ በ2001 በአሜሪካ የሴቶች የፕሮፌሽናል ሊግ ሲቋቋም ከሳን ሆዜ ሳይበርሬይስ ጋር የመጀመሪያውን ዋንጫ፤ በ2003 ዓለም ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ የእግር አጥንት ስብራት፣ በዚያው ዓመት የሊጉ መፍረስ፤ በ2004 አቴንስ ላይ ደግሞ ወርቅ። ለብሔራዊ ቡድኗ 192 ጊዜ ተሰልፋ 30 ግብ አግብታለች። በ2018 ለክብሯ የተሠራው የነሐስ ምስል እሷን ፈጽሞ የማይመስል ሆኖ ዓለም ሲስቅበት በሌላ ተተካ። ሙያዋን ለሚመዝን ሰው ግን ከሁሉ የሚያሳዝነው ሊጉ በሦስት ዓመት መፍረሱ ነው፤ 90 ሺህ ሰው የሞላ ስታዲየም ለተጫዋቾቹ የወር ደመወዝ ዋስትና ሊሆን አልቻለም።

በቅርቡ ብራንዲ ከሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ሆና ቤይ ኤፍሲ የተባለ ክለብ መሠረተች፤ ክለቡ በ2024 በትውልድ ከተማዋ በሳን ሆዜ መጫወት ጀመረ። ከተማዋ ለእኛም ባዳ አይደለችም። ብራንዲ ሲድኒ ላይ ብር ባገኘችበት እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያው ሳን ሆዜ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ናኦሚ ግርማ ተወለደች። ኳስ የጀመረችው አባቷ የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ልጆች እንዲሰባሰቡበት ባቋቋሙት ማለዳ በተባለው ቡድን ነው። በ2023 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ስትባል ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ተከላካይ ሆነች፤ በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በጥር 2025 ደግሞ ቼልሲ ሲያስፈርማት በሴቶች እግር ኳስ የዝውውር ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ገንዘቡ የተከፈለውም ለተከላካይ ነው።